ጎልማሳው የአርክቴክቸር ተማሪ

ጎልማሳው የአርክቴክቸር ተማሪ ዕድሜው ከሠላሳ አምስት ካለፈ በኋላ፣ ደመወዝ እየበላ፣ ብዙውን ጊዜም ትዳርና ልጆች እያሉት፣ ቤት መንደፍን ከሀሁ ለመጀመር የሚነሳ ሰው ነው። ሴትም ትሆናለች፤ ሴቷ ግን ገና ሳትነሳ ቤቱን፣ ልጆቹንና አማቷን ለማን እንደምትተው ስለምትጠየቅ ብዙ ጊዜ ከደጃፍ ትመለሳለች። እንዲህ ያለ ሰው አዲስ አበባ ውስጥ ብዙ አያስደንቅም። በአዊ ዞን፣ ሁሉም ሁሉን በሚያውቅባት በጥርባ ግን ብርቅ ነው፤ ሲገኝም ማመልከቻው ሳይጻፍ ወሬው የዞኑ ዋና ከተማ እንጅባራ ይደርሳል።

አብዛኛውን ጊዜ ከመምህራን ወገን ነው። አሥራ አምስት ዓመት ጥቁር ሰሌዳ ላይ ሦስት ማዕዘን ሲሠራ የኖረ የሒሳብ መምህር፣ አንድ ቀን ሦስት ማዕዘኑ ጣራ መሆኑን ያስተውልና ሰላም ያጣል። ከማዘጋጃ ቤትም ይመጣል፤ የሰው ፕላን ላይ ማኅተም ሲመታ የኖረ ሠራተኛ ከማኅተሙ ሥር ያለውን ሥዕል ማየት የጀመረ ዕለት ነው ነገሩ የሚበላሸው። ከአናፂና ከግንበኛ ወገን የሚመጣም አለ። ይህኛው ከሁሉም ይበልጥ ያውቃል፣ ከሁሉም ያነሰ ይደመጣል።

ምክንያቱን ሲጠየቅ «የልጅነት ሕልሜ ነው» ይላል። አይደለም። ምክንያቱ የገዛ ቤቱ ነው። በጥርባም ሆነ በብዙ የአገሪቱ ትንንሽ ከተሞች ፕላን የሚሠራው ለፈቃድ ነው። ፈቃዱ እንደወጣ ፕላኑ ተጣጥፎ ከካርታውና ከግብር ደረሰኙ ጋር ሳጥን ይገባል፤ ግንባታው በምክክር ይቀጥላል። ግንበኛው «ይሄ ወረቀት ላይ ነው የሚያምረው» ብሎ ይጀምራል። ሚስት ጭሱ ሳሎን እንዳይገባ ማድ ቤቱን ወደ ጓሮ ትገፋዋለች። ከገጠር የመጣ አጎት በሩ ወደ መንገድ ካላየ አይሆንም ይላል፤ በሩ ይዞራል። በሩ ሲዞር መስኮቱ ይዞራል፤ መስኮቱ ሲዞር ከጎረቤት ግድግዳ ጋር ይፋጠጣል። ቤቱ ሲያልቅ የመኝታ ቤቱ በር በተከፈተ ቁጥር አልጋውን ይገጫል፤ ኮሪደሩ ላይ ሁለት ሰው ከተገናኘ አንዱ የኋሊት ይሄዳል፤ ሳሎኑ በጠራራ ፀሐይ መብራት ይበራበታል። ባለቤቱ ሁለት ክረምት ከኖረበት በኋላ አንድ ሌሊት ተነስቶ ሜትር ይዞ መለካት ይጀምራል። በዚያ ሌሊት የሚመክረው ካላገኘ ተማሪ መሆኑ አይቀርም።

ቀጥሎ ለቤተሰብ የመንገር ደረጃ ይመጣል። እናት ያዝናሉ። «ቤት ለመሥራት ነው እንዴ ትምህርቱ? አባትህ በወንፈል በሳምንት አላቆመውም?» ይላሉ፤ እውነታቸውን ነው፣ ያ ቤት እስከ ዛሬ አላፈሰሰም። ሚስት አትቆጣም፣ ታሰላለች። «ትልቁ ልጅ በሁለት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ይገባል። አንድ ክፍል ልትማሩ ነው?» ትልና ወደ ሥራዋ ትመለሳለች። ጎረቤት ግን ጊዜ አያባክንም፤ ወሬውን በሰማ ማግስት «ኢንጂነር» ብሎ ይጠራዋል። ኢንጂነር አለመሆኑን ለማስረዳት የሚሞክር ሰው ይደክማል። ልዩነቱ ግን ቀላል ነው። መሐንዲሱ ቤቱ እንዳይወድቅ ያሰላል፤ አርክቴክቱ ሳይወድቅ የቆመው ቤት ሰው የማይኖርበት እንዳይሆን ያስባል። የወደቀ ቤት ይከሳል፤ የማያኖር ቤት ግን ባለቤቱን በዝምታ ስለሚያሰቃይ ሁለተኛው ሙያ በአገሩ ብዙ ምስክር የለውም።

የመግቢያው በር ጠባብ ነው። በአሜሪካ በሌላ ሙያ ዲግሪ ያለው ሰው፣ ለምሳሌ ዋሽንግተን የሚኖር ኢትዮጵያዊ የሒሳብ ባለሙያ፣ ሦስት ዓመት ወይም ትንሽ በሚበልጥ ጊዜ በሁለተኛ ዲግሪ አርክቴክት የሚሆንበት መንገድ ተዘርግቷል። ኢትዮጵያ ውስጥ የተለመደው መንገድ አምስት ዓመት የሚፈጀው የመጀመሪያ ዲግሪ ነው፤ የቀድሞ ዲግሪ በዚያ መንገድ ላይ ብዙም አያሳጥርም። የመጀመሪያ ዲግሪ የሌለው ደግሞ ከ12ኛ ክፍል ፈተና ጋር ይፋጠጣል። ፈተናው ተማሪዎች ወደ ዩኒቨርሲቲ ግቢ እየተጓጓዙ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ ጎልማሳውን የሚያስፈራው ፊዚክሱ ብቻ አይደለም፤ በተደራራቢ አልጋ ላይኛው ፎቅ ማደሩም ነው። ቁጥሩም አያበረታታም። በ2014 ዓ.ም. ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች 3.3 በመቶ፣ በ2015 ደግሞ 3.2 በመቶ ነበሩ። በቴክኒክና ሙያ በኩል የመጣ፣ የብቃት ምዘናውን (ሲኦሲውን) ያለፈ ሰው በሌላ በር ሊሞክር ይችላል፤ መመሪያው ግን ስለሚቀያየር ባለፈው ዓመት የገባን ሰው ምክር መስማት አያዋጣም።

የት ይማራል? ስሙ ቀድሞ የሚነሳው ልደታ የሚገኘው፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው የኢትዮጵያ የሥነ ሕንፃ፣ የሕንፃ ግንባታና የከተማ ልማት ኢንስቲትዩት ነው። ግቢው እ.ኤ.አ. በ1954 በስዊድን ድጋፍ የተቋቋመው የኢትዮ ስዊድን የሕንፃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ነበር፤ ኢንስቲትዩቱ የአሁኑን መልክ የያዘው እ.ኤ.አ. በ2010 ነው። ክልሎች ውስጥ ያሉ ዩኒቨርሲቲዎችም አርክቴክቸር ማስተማር ከጀመሩ ቆይተዋል። ለአዊ ሰው ልደታ ሩቅ ነው፤ ከእንጅባራ አዲስ አበባ 450 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል፤ ባሕር ዳር ግን 120 ያህል ነው። በአማራ ክልል ግጭት ከበረታበት ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ ደግሞ ጉዞው ስንት ቀን እንደሚፈጅ ካርታ አይቶ መናገር አይቻልም። ደመወዙን መልቀቅ የማይችል ሰው የማታ ወይም የቅዳሜና እሑድ ፕሮግራም ይፈልጋል። አርክቴክቸር ግን ለዚህ አመል አይመችም። ሌላው ትምህርት ክፍል ውስጥ ይሰጣል፣ ቤት ይነበባል፣ ይፈተናል፤ ይሄኛው ስቱዲዮ ውስጥ ይታደርበታል።

ስቱዲዮ ማለት ተማሪዎች አንድ ላይ የሚነድፉበት ሰፊ ክፍል ነው። ረጃጅም ጠረጴዛ፣ ቲ-ስኩዌር፣ ትሬሲንግ ወረቀት፣ ካርቶን፣ ከተር፣ ኮላና ቡና የተጠጣበት ስኒ ይገኝበታል። የማስረከቢያ ቀን ሲቃረብ ሰውም ይተኛበታል። የአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ልጅ ሁለት ሌሊት ሳይተኛ ያድርና ሦስተኛው ቀን ፊቱን ታጥቦ ኳስ ሊጫወት ይወጣል። ጎልማሳው አንድ ሌሊት ሲያድር ሦስት ቀን ወገቡን ይይዛል። ዓይኑም አለ። ሰው አርባን ሲሻገር የዓይን ሌንስ ቅርብን ለማየት እየሰነፈ ይሄዳል፤ አርክቴክቸር ደግሞ አንድ ሜትርን ወደ አንድ ሴንቲሜትር አሳንሶ የሚሥል ሙያ ነው። 1 ለ 100 በሆነ ሥዕል ላይ የአንድ በር ስፋት ዘጠኝ ሚሊ ሜትር ነው። ጎልማሳው መነጽሩን ያደርጋል፣ ያወልቃል፣ ወረቀቱን ያርቃል፣ ያቀርባል፤ በመጨረሻ በሩን ግድግዳ ላይ ሳይሆን መስኮቱ ላይ ይሥለዋል።

ኮምፒዩተሩ ሌላ ፈተና ነው። ልጆቹ አውቶካድና ስኬችአፕ ላይ ጣታቸው ይሮጣል፤ ስሕተታቸውን በአንድ ቁልፍ ይመልሳሉ። ጎልማሳው ላጲስ ያየ ትውልድ ነው፤ ያጠፋውን ለማጥፋት ያፍራል። ለዚህ ግን ቶሎ መድኃኒት ያገኛል፦ ከጎኑ ያለው ልጅ ያስተምረዋል፣ እሱም ለልጁ ምሳ ይጋብዛል። ይህ ልውውጥ በማንኛውም ሥርዓተ ትምህርት አልተጻፈም፤ ከየትኛውም ኮርስ በላይ ግን ሰው ያስመርቃል።

የአጠራር ችግርም አለ። ልጆቹ የመጀመሪያ ሳምንት «ጋሼ» ይሉታል፣ ሁለተኛው ሳምንት «ፋዘር» ይሉታል፤ በዚያው ይቀራል። መምህሩ ብዙ ጊዜ ከእሱ በአሥር ዓመት ያነሰ ነው። «አንተ» ቢለው ይከብደዋል፣ «እርስዎ» ቢለው ክፍሉ ይስቃል። አብዛኞቹ መፍትሔው ስም አለመጥራትና ወደ ጠረጴዛው መጠቆም መሆኑን ደርሰውበታል።

የስቱዲዮው ትልቅ በዓል ጁሪ ይባላል። ተማሪው ሥዕሎቹን ግድግዳ ላይ ሰቅሎ፣ ሞዴሉን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ፣ በመምህራንና በተጋበዙ ባለሙያዎች ፊት ይቆማል። እነሱም ይጠይቃሉ፣ ይነቅፋሉ፣ አንዳንዴም የጋራ ጠላት ያገኙ ይመስላሉ። ከሁሉ በፊት የሚጠየቀው ኮንሴፕት ነው፤ ሕንፃው የተነሳበት ሐሳብ ማለት ነው። ልጆቹ በዚህ የተካኑ ናቸው። የአንዱ ሆስፒታል ከጀበና፣ የሌላው ትምህርት ቤት ከአደይ አበባ፣ የሦስተኛዋ ባንክ ከእናቷ መቀነት ይነሳል። ጎልማሳው ተራው ደርሶ «ኮንሴፕትህ ምንድን ነው?» ሲባል «ዝናብ አያስገባም» ይላል። ክፍሉ ይስቃል። ከጁሪዎቹ መካከል አንድ ጣራ ያስጠገነ ካለ ግን አይስቅም።

እዚህ ላይ ነው የጎልማሳው ተማሪ ጥቅም የሚጀምረው፤ ነገሩን ሰፋ አድርጎ ማየት ይገባል። ልጆቹ በሚያስደንቅ ሁኔታ ይሥላሉ፤ ቤት ግን አስተዳድረው አያውቁም። ቧንቧ ሲፈነዳ ማን እንደሚጠራ አያውቁም። አሸንዳ በሐምሌ በቅጠል ሲደፈን ውኃው ወዴት እንደሚሄድ አላዩም። ሰሞኑን ፋሽን የሆነውን፣ ቆርቆሮውን ከግንባር ግድግዳ ኋላ የሚደብቅ ፊት ለፊት ይሥላሉ፤ ፎቶው ያምራል። የአዊን ክረምት ያየ ሰው ግን የተደበቀ ጣራ የተደበቀ ኩሬ መሆኑን ያውቃል። ጎልማሳው ይህን የሚያውቀው ከመጽሐፍ አይደለም፤ ባልዲ ይዞ ከቆመበት ሌሊት ነው።

የመጽሐፉን ነገር ካነሱ፣ በዓለም ያሉ የአርክቴክቸር ተማሪዎች የሚማሉበት አንድ መጽሐፍ አለ። ኧርነስት ኑፈርት የተባለ ጀርመናዊ እ.ኤ.አ. በ1936 ያሳተመው የመለኪያ መጽሐፍ ነው። ሰው ተቀምጦ፣ ቆሞ፣ ጎንበስ ብሎ፣ ሻንጣ ይዞ ስንት ሴንቲሜትር ቦታ እንደሚይዝ ይናገራል። ኢትዮጵያ ውስጥም በፎቶ ኮፒ ሲዞር፣ በኋላም በፍላሽ ሲገለበጥ ስንት ትውልድ አስተምሯል። ጎልማሳው ኑፈርትን ሲገልጥ በመጀመሪያ ደስ ይለዋል፤ የፈረስ ጋጣ ልክ ያገኝበታልና። የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም. ተመሥርቶ እስከ ዛሬ በየዓመቱ ጥር 23 በሺዎች የሚቆጠሩ ፈረሰኞች አደባባይ የሚያወጣበት አገር ሰው፣ ጀርመን ፈረስን እንዳልረሳ ሲያይ ልቡ ይረካል።

ደስታው ማድ ቤት እስኪደርስ ነው። ኑፈርት ማድ ቤት ውስጥ ምጣድ የለም። የአውሮፓ የወጥ ቤት መደርደሪያ ጥልቀት 60 ሴንቲሜትር ነው፤ የኤሌክትሪክ ምጣድ ደግሞ ወደ 60 ሴንቲሜትር ስፋት አለው። ምጣዱ ተቀመጠ ማለት መደርደሪያው አለቀ ማለት ነው። ሊጡ የት ይቀመጥ? የወጣው እንጀራ የት ይዘርጋ? ሰፌዱና መሶቡስ? ጭሱ በየት ይውጣ? ልጆቹ ይህን ጥያቄ አያነሱም፤ እንጀራ ካፌ ውስጥ ተጠቅልሎ ይመጣላቸዋል። ጎልማሳው ግን ሚስቱ ምጣድ ለመጣድ የመታጠቢያ ሳህኑን ከፍ አድርጋ ስትሰቅል አይቷል። ለአንድ የማድ ቤት ፕሮጀክት አራት ገጽ ጥያቄ ይዞ ይመጣል፤ መምህሩም ዝም ይላል፤ መልሱ የለውማ።

ልቅሶም ኑፈርት ውስጥ የለም። አንድ የጥርባ ቤት በሕይወት ዘመኑ ቢያንስ አንድ ጊዜ የእድር ድንኳን ይተከልበታል። ድንኳኑ የሚቆምበት ቦታ፣ ወንበሩ የሚደረደርበት፣ ንፍሮው የሚቀቀልበት፣ ሌሊት ለቀስተኛ የሚተኛበት መሬት መታሰብ አለበት። ፕላን ላይ «ግቢ» ተብሎ ባዶ የሚተው ቦታ ለጎልማሳው ባዶ አይደለም፤ የሠርግና የልቅሶ አዳራሽ ነው። ይህን ቀደም ብለው የተረዱም ነበሩ። አዲስ አበባ ውስጥ በ1990ዎቹ መጨረሻ በተጀመረው የኮንዶሚኒየም ፕሮግራም ላይ ነዋሪዎች ለድግስ የሚያበስሉበትና በግ የሚያርዱበት የጋራ ሕንፃ በየሳይቱ ተሠርቷል። በጉ አራተኛ ፎቅ መታጠቢያ ቤት ሲታረድ ያየ ሰው ሕንፃው ለምን እንደታሰበ አይጠይቅም።

የጎልማሳ ጀማሪ ነገር አዲስ አይደለም፤ ሙያው ውስጥ ብዙ ጊዜ ተከስቷል። አሜሪካዊው ፊሊፕ ጆንሰን በኒው ዮርክ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም የሥነ ሕንፃ ክፍልን በሃያዎቹ ዕድሜው ሲመራ የሰው ሕንፃ እየተቸ ነበር፤ በሠላሳ አራትና በሠላሳ አምስት ዓመቱ ግድም ሃርቫርድ ገብቶ ተማሪ ሆነ። ለመመረቂያውም ካምብሪጅ ከተማ ውስጥ እውነተኛ ቤት አሠርቶ ኖረበት። ገንዘብ ያለው ጎልማሳ ተማሪ እንዲህ ነው፤ የአዊ መምህር ከእሱ ብዙ አይማርም። እ.ኤ.አ. በ1979 ለአርክቴክቶች የሚሰጠው የፕሪትዝከር ሽልማት ሲጀመር የመጀመሪያው ተሸላሚ እሱ ሆነ። ጃፓናዊው ታዳኦ አንዶ ደግሞ ቦክሰኛ ነበር፤ የአርክቴክቸር ትምህርት ቤት ሳይገባ በራሱ ተምሮ በ1995 ያንኑ ሽልማት ወሰደ። ስለ አንዶ ለጎልማሳው ሰው አለመንገር ይሻላል፤ ትምህርቱን ሊተው ይችላል።

ለጥርባ ሰው የሚቀርበው የቡርኪና ፋሶው ፍራንሲስ ኬሬ ነው። ጋንዶ በምትባል መንደር ተወልዶ፣ አናፂነት ለመማር እ.ኤ.አ. በ1985 ጀርመን ሄደ። ቀን ሲሠራ ማታ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን ጨርሶ፣ በ1995 በርሊን ቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ አርክቴክቸር ጀመረ። ሠላሳ ዓመቱ ነበር። ሲመረቅ 2004 ሆኗል፤ ዕድሜውም ወደ አርባ እየቀረበ። በመካከሉ ግን ዝም ብሎ አልተማረም፤ ተማሪ ሳለ ገንዘብ አሰባስቦ ለመንደሩ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነድፎ በ2001 አስጨረሰ። ግድግዳው ከአካባቢው ሸክላ አፈር ጥቂት ሲሚንቶ ተቀላቅሎበት የተሠራ ጡብ ነው። ቆርቆሮው ከኮርኒሱ ከፍ ብሎ ተሰቅሏል፤ በመካከሉ ነፋስ ስለሚያልፍ ክፍሉ ሙቀት አይይዝም። የመንደሩ ሰዎች መጀመሪያ ተቃወሙ፤ ጀርመን ድረስ ተምሮ ጭቃ ይዞ ይመጣል እንዴ ብለው። የትም መንደር ተመሳሳይ ነው። ትምህርት ቤቱ በ2004 የአጋ ካን ሽልማትን አገኘ፤ ኬሬም በ2022 ፕሪትዝከርን የተሸለመ የመጀመሪያው አፍሪካዊ ሆነ።

ከኢትዮጵያም ወደ ሥራው በጎን በር የገቡ አሉ። ሠዓሊው አፈወርቅ ተክሌ እ.ኤ.አ. በ1947 እንግሊዝ የተላከው የማዕድን ምህንድስና እንዲማር ነበር፤ ሠዓሊ ሆኖ ተመለሰ፣ ቪላ አልፋ የተባለውን የራሱን ቤትም ራሱ ነደፈው። አዲስ አበባ መካኒሳ በ2011 ዓ.ም. የተከፈተው ዞማ ሙዚየም ደግሞ የሠዓሊው ኤልያስ ስሜና የአንትሮፖሎጂ ባለሙያዋ የመስከረም አሰግድ ሥራ ነው። ሁለቱም በአርክቴክቸር አልተመረቁም። ግድግዳው ጭቃና ጭድ ነው፤ ያም ጭቃ ላይ በእጅ የተቀረጸው ጌጥ ከብዙ የመስታወት ፎቅ ይልቅ ሰው ቆሞ ያየዋል። የጥርባ እናት «በወንፈል አላቆመውም?» ያሉት ነገር አዲስ አበባ ላይ ትኬት ይቆረጥበታል ማለት ነው።

ልደታም ጭቃን አልናቀም። እ.ኤ.አ. በ2010 እና በ2011 ኢንስቲትዩቱ ከዙሪኩ የቴክኖሎጂ ተቋም ጋር ሆኖ ግቢው ውስጥ ባለ ሁለት ወለል የሙከራ ቤት ከአፈር ሠርቷል። ተማሪዎችም ጭቃ ረግጠዋል። ጎልማሳው ለዚያ ትምህርት ክፍያ አያስፈልገውም፤ ረገጣ የተማረው በአባቱ ቤት ነው።

አዊ ደግሞ ከጭቃ በላይ አለው። ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር የሚጓዝ ሰው እንጅባራ ሲደርስ በመንገዱ ዳር የቀርከሃ ወንበር፣ አልጋና መደርደሪያ ተደርድሮ ያያል። የደጋ ቀርከሃ በአዊ ተራሮች በደንብ ይበቅላል። ከመሬት በወጣበት በመጀመሪያው ክረምት ቁመቱን ይጨርሳል፤ ለግንባታ የሚበረታው ግን ሦስት ዓመት ከሞላው በኋላ ነው። ያልታከመ ቀርከሃ ነቀዝ ይበላዋል፤ ውስጡ ያለው ስታርች ነቀዙን ይጠራል፤ በቦራክስ ውኃ ቢነከር ግን ዕድሜው ይረዝማል። ይህን ሁሉ የሚያውቅ ተማሪ ቀርከሃን ሲያነሳ ጁሪዎች ፊታቸው ይበራል፤ የሞዴሉን ምሰሶዎችም ከእንጅባራ ባመጣው ስንጥቅ ቀርከሃ ሠርቶ ከፎም ቦርድ ሠሪዎቹ ጎን ሲያቆም ተራ ነጥብ አያገኝም። ዲከረንስ የሚባለውን ዛፍ እየተከለ ከሰል የሚያከስል የፋግታ ለኮማና የባንጃ ገበሬም ቀርከሃው ከወንበር አልፎ ጣራ ሊሆን እንደሚችል ቢነገረው በደስታ ይሰማል።

ጎልማሳው ተመርቆ ሲመለስ የሚገጥመው ግን ይህ አይደለም። ደንበኛው ቀርከሃን አይሰማም፤ ብሎኬትና መስታወት ይፈልጋል። የሚፈልገውንም ስልኩ ላይ አለው፤ ዱባይ ያየውን ቤት ፎቶ ያሳያል። «እንዲህ ያለ፣ ግን ባለ ሁለት ክፍል፣ ግን በጀቱ ይህን ያህል» ይላል። ጎልማሳው ምጣዱን፣ ድንኳኑንና አሸንዳውን ያነሳል። ደንበኛው «ኢንጂነር፣ እሱን በኋላ እናያለን፣ ፕላኑን ለፈቃድ ቶሎ አድርስልኝ» ይላል። ዋጋውን ሲሰማ ይደነግጣል፤ ለአንድ የብረት በር የሚከፍለውን ለሙሉ ንድፍ መክፈል ይከብደዋል። ዘመድ ከሆነ ደግሞ ዋጋ አይነሳም፤ ቡና ተጠጥቶ ይለያያሉ።

ሕጉ ለዚህ ተጠያቂ አይደለም። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ሕንፃዎችን በሦስት ምድብ ከፍሏቸው ነበር። ምድብ «ሀ» በሁለት ምሰሶዎች መካከል ያለው ርቀት ከ7 ሜትር የማይበልጥ ባለ አንድ ወለል ቤት ነበር፤ ምድብ «ሐ» ደግሞ የሕዝብ መገልገያዎች፣ ፋብሪካዎችና ከ12 ሜትር በላይ የሚረዝሙት። በትንንሽ ከተሞች የሚሠራው አብዛኛው ቤት ከታችኛው ምድብ አይወጣም ነበር። ከባዱን ፎቅ ባለሙያ እንዲነድፈው መጠበቅ ተገቢ ነው፤ ብዙ ሰው በሕይወቱ ሙሉ የሚኖርባት ትንሽ ቤት ግን በየመንደሩ በግንበኛው ፈቃድ ትቆማለች። አገሩ አርክቴክት የሚያስፈልገው እዚያ ነው፤ የሚከፍለው ደግሞ ከእዚያ ውጭ ላለው ነው። ይህ እንደ ብዙ ነገር ትንሽ ያስቃል፣ ብዙ ያናድዳል።

የዕድሜው ሒሳብ በመጨረሻ መታየት አለበት። በሠላሳ ስምንት ዓመቱ የጀመረ ሰው፣ ፈተናው፣ የተቋረጠው ሴሚስተርና የተደገመው ኮርስ ተጨምሮበት አርባ አራት ላይ ይመረቃል። ልምድ አጠራቅሞ በራሱ ስም ፊርማ የሚያኖርበት ፈቃድ እስኪያገኝ አርባ ስምንት ይገባል። የመንግሥት ጡረታ በስልሳ ነው፤ አሥራ ሁለት ዓመት ቀርቶታል። ለጥርባ ሰው ይህ ያረጀ ሒሳብ ይመስላል። ሙያው ግን በሌላ መቁጠሪያ ነው የሚቆጥረው። በአርክቴክቶች ዘንድ አርባ ዓመት የሞላው ሰው «ወጣት» ነው፤ ለወጣት አርክቴክቶች ከሚሰጡ ሽልማቶችም አንዳንዶቹ በዚያ ዕድሜ ያሉትን ይጨምራሉ። አሜሪካዊው ፍራንክ ሎይድ ራይት ፏፏቴ ላይ የቆመውን ታዋቂ ቤት የነደፈው በስልሳ ስምንት ዓመቱ ነው፤ በኒው ዮርክ ያለው የጉገንሃይም ሙዚየም እ.ኤ.አ. በ1959 ሲከፈት እሱ በዘጠና አንድ ዓመቱ ካረፈ ገና ወራት ነበር። ብራዚላዊው ኦስካር ኒማየር መቶ ዓመት ካለፈውም በኋላ ሕንፃ ይነድፍ ነበር። ሙያው ሰው እስኪበስል ይታገሣል፤ ቤት ራሱ ያን ያህል ጊዜ ስለሚፈጅ ይሆናል።

ስለዚህ የሚያሰጋው ዕድሜ አይደለም፤ ደመወዝ ነው። ከጥርባም ሆነ ከዳንግላ ይህን መንገድ የሚያስብ ሰው መልቀቂያውን ከማስገባቱ በፊት አንድ የክረምት ዕረፍት አናፂና ግንበኛ ባሉበት ሳይት ላይ ሜትር እየያዘ ይዋል፤ ሌላ አንድ ወር ደግሞ ንድፍ ቢሮ ውስጥ በነፃ ይሥራ። በአንደኛው ጭቃው፣ በሁለተኛው ደንበኛው ካላሰለቸው ይመዝገብ።